ቲኬት ቆጥረን ምን አገኘን? ምን እንለካ በናታችሁ

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ጓዶች፣ እዚህ ኮምቦልቻ አምስት ሆነን የመጋዘን ሶፍትዌር እንሰራለን፣ ደንበኞቻችን ባለሱቅና አከፋፋዮች ናቸው። ከሁለት ወር በፊት አለቃችን "ስራችሁ በቁጥር ይታየኝ" ሲል በሳምንት ስንት ቲኬት (ማለት የተመዘገበ የስህተት ወይም የስራ ጥያቄ) እንደዘጋን ኤክሴል ላይ መሙላት ጀመርን። ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ድሮ አንድ የነበረው "ደረሰኝ ሁለቴ ይታተማል" የሚለው ቲኬት አሁን አራት ሆኖ ይከፈታል 😂 ቁጥሩ አድጓል ደንበኛው ግን እንደድሮው እየደወለ ይጮህብናል። እና ትክክለኛው መለኪያ የቱ ነው? የኮድ መስመር? ኮሚት (ኮዱ ላይ የተመዘገበ ለውጥ)?

ጦሳ ስር፦
አብሽር ወንድሜ፣ ሁላችንም አልፈንበታል። ጥያቄህ ተገልብጦብሃል እኮ፣ መለኪያ መርጠህ ግብ አትፈልግለትም። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ቪክቶር ባሲሊና ዴቪድ ዋይስ ናሳ ጎዳርድ የጠፈር ማዕከል ያለውን የሶፍትዌር ስራ አይተው በ1984 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል፦ መጀመሪያ ግብ፣ ከግቡ ጥያቄ፣ ቁጥሩ ከጥያቄው ይወጣል። ያንተ ግብ ለምሳሌ "ደንበኛ እጅ ከገባ በኋላ የሚገኝ ስህተት ይቀንስ" ይሁን። ጥያቄው፣ ስህተቱ ከየት መጣ? ትእዛዙን ስንቀበል ተሳስተን ነው፣ ኮዱ ሲጻፍ ነው ወይስ ደንበኛው ጋ ሲጫን? ያኔ የምትቆጥረው ቲኬት ሳይሆን ደንበኛ ጋ የደረሰ ስህተትና መነሻው ነው፣ ለማረም የፈጀውንም ሰዓት ጨምርበት። ደሞ ግቡ ከማን አንፃር እንደሆነ ጻፍ፣ ካልጻፍክ አንተና አለቃህ "ጥራት" እያላችሁ የተለያየ ነገር ነው የምታወሩት።

ሰኞ ገበያ፦
ጦሳ ስር ያለው ልክ ነው ግን ሲጀመር ይበዛል። እኛ ደሴ 14 መለኪያ አውጥተን በሶስተኛው ሳምንት የሚሞላ ጠፋ። ከዛ አንዷን ብቻ አስቀረን፣ ስህተት በተዘጋ ቁጥር መነሻውን በአንድ ቃል መጻፍ። ወሩ ሲያልቅ ስናየው ግማሽ የሚሆነው የኮድ ችግር አይደለም፣ ደንበኛው በስልክ "እቺን ነገር እንዲህ አድርጓት" ብሎ ያዘዘውና ማንም ያልጻፈው ነበር። ቴስተር (ሶፍትዌሩን የሚፈትሽ ሰው) ልንቀጥር ነበር እኮ! ተወት አድርገን ደብተር ገዛን፣ በስልክ የመጣ ሁሉ እዛ ይገባል። እና በአላህ የሰው ስም አታስገቡበት፣ ስም ከገባ ሰው ስህተቱን ይደብቃል።

የቦርከና ልጅ፦
ኧረ ተባረኩ። ግን አለቃዬ "ታዲያ ማን ሰነፍ እንደሆነ በምን ልወቅ?" ቢለኝስ፣ ይላል ደሞ አውቀዋለሁ

ሰኞ ገበያ፦
እሱ ሌላ ግብ ነዋ። ይጻፈውና እናንተው ፊት ያንብበው 😄 ደሴ ብቅ ካልክ ፒያሳ ሻይ እየጠጣን የኛን ኤክሴል በፍላሽ እሰጥሃለሁ