የዕቅድ ውይይት፦ «ሶርስ ኮድ»ን በአማርኛ ሰብታይትል ለማሳየት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦
ለመብት ባለቤቱና ለአዳራሹ አስተዳደር የምንልከው ሐሳብ የመጀመሪያ ረቂቅ ይኸው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው «ሶርስ ኮድ» ነው፤ ዳይሬክተሩ ዳንካን ጆንስ፣ ደራሲው ቤን ሪፕሊ፣ ርዝመቱ 93 ደቂቃ። ሻምበል ኮልተር ስቲቨንስ (ጄክ ጂለንሃል) ወደ ቺካጎ በሚጓዝ የጠዋት ባቡር ውስጥ፣ በማያውቀው ሰው አካል ይነቃል። ፊት ለፊቱ ክሪስቲና (ሚሼል ሞናሃን) ተቀምጣ ታዋራዋለች። ባቡሩ ላይ ቦምቡን ማን እንዳጠመደው ለማወቅ 8 ደቂቃ አለው፤ ከዚያ ባቡሩ ይፈነዳል፣ እሱም እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። «ለምን ይህን ፊልም» በሚለው ርዕስ ሥር «ፍቅርንና ውጥረትን ያጣመረ፣ ወጣቱን የሚስብ» ብያለሁ። እርማታችሁን ጣሉበት። ቦምቡን ማን እንዳጠመደው ግን እባካችሁ እዚህ አትጻፉ፤ ፊልሙን ያላዩ አባላት አሉ።

የፕሮግራም ክፍል፦
«ወጣቱን የሚስብ» ለየትኛውም ፊልም ይሆናል፤ ይውጣ። የጊዜ አዙሪት ፊልም (ያው ጊዜ የሚደጋገምበት) ተመልካችን የሚይዝበት መንገድ የራሱ ነውና እሱን እንግለጸው።

የመጀመሪያውን ዙር አስቡት። አንዲት ሴት ስታልፍ ቡና ጫማው ላይ ይደፋል። የለስላሳ ቆርቆሮ ሲከፈት ይሰማል። ትኬት ተቆጣጣሪው ይመጣል። ያን ጊዜ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራቸውም። በሁለተኛው ዙር ግን ቡናው ሊደፋ ሲል ተመልካቹ የራሱን እግር ይሰበስባል። ሌላ የወንጀል ፊልም መረጃ እየደበቀ ያጓጓል፤ ይኼኛው መረጃውን አስቀድሞ ሰጥቶ ያንኑ ፈተና ደግሞ ያስፈትነናል። እኛም ከስቲቨንስ እኩል ስለምናውቅ «እዚያ ሂድ፣ ያን ሰውዬ ተወው» ማለት እንጀምራለን። አዳራሽ ውስጥ የሚነሳው ጉርምርምታ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ቤት ብቻችንን ስናየው ያ የለም።

ሌላው፣ ዙሮቹ እኩል አይደሉም። የምናውቀው ነገር ሲደገም አርታኢው ፖል ሂርሽ ይቆርጠዋል፤ አንዳንዱ ዙር በጥቂት ቅንጭብ ያልፋል። ሁሉም በሙሉ ርዝመት ቢሆን በሦስተኛው ዙር ሰው ስልኩን ያወጣ ነበር። በዙሮቹ መካከል ደግሞ ስቲቨንስ ጨለማና ቀዝቃዛ ካፕሱል (ጠባብ ክፍል) ውስጥ ሆኖ፣ ከቢሮ ሆና ከምትመራው ከጉድዊን (ቬራ ፋርሚጋ) ጋር በስክሪን ይነጋገራል። ስለዚህ እንቆቅልሹ ሁለት ነው፦ ቦምቡን ማን አጠመደ? ሰውየውስ ራሱ የት ነው ያለው? ለእኔ ሁለተኛው ይበልጣል።

የውይይት መሪ፦
የፍቅሩ ነገር ተዘለለ። ወደ ድኅረ ፊልም ውይይት የሚያስገባን እሱ ነው። ስቲቨንስ በየዙሩ ስለ ክሪስቲና ይማራል፤ እሷ ግን ሁልጊዜ ያንኑ 8 ደቂቃ ነው የምትኖረው። እሱ ዘንድ ብዙ ዙር የከረመ ፍቅር ነው፣ እሷ ዘንድ የአንድ ጠዋት ወሬ። በዚያ ላይ የምታየው የስቲቨንስን ሳይሆን የአካሉን ባለቤት፣ ሾን የተባለውን መምህር ፊት ነው። ታዲያ ማንን ወደደች? ለውይይቱ 40 ደቂቃ ይያዝና በዚህ ጥያቄ ይከፈት። የኳንተም ፊዚክስ ክርክር ይቅር፤ ፊልሙ ራሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር አልፎታል።

የትርጉም ቡድን፦
እኛ የምንፈራው ሰብታይትሉን ነው። ረቂቁ «ሦስት ተርጓሚ ፊልሙን ለሦስት ይከፍላል» ይላል። ለሌላ ፊልም ይሠራል፣ ለዚህ ፊልም ጥፋት ነው። ምክንያቱን በምሳሌ፦ ስቲቨንስ በነቃ ቁጥር ክሪስቲና ምክሩን እንደተቀበለች ትነግረዋለች። 31 ደቂቃ 31 ደቂቃ ከተከፋፈልን አንዱ «ምክርህን ሰማሁ»፣ ሁለተኛው «እንዳልከኝ አደረግኩ»፣ ሦስተኛው «ምክርህን ተቀበልኩ» ይላል። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ተመልካቹ ግን «ንግግሯ ተለወጠ! አንድ ነገር አለ» ብሎ ይጠረጥራል። ፊልሙ ያላስቀመጠውን ፍንጭ እኛ አስቀመጥንለት ማለት ነው።

ስለዚህ ክፍፍሉ በደቂቃ ሳይሆን በቦታ ይሁን። አንድ ሰው ባቡሩን በሙሉ፣ ሌላው ካፕሱሉንና ቢሮውን፤ ሦስተኛው ምንም ሳይተረጉም ያርማል። ከትርጉሙ በፊት የተደጋጋሚ ንግግሮች ሰንጠረዥ ይወጣል። አራት ዓምድ፦ እንግሊዝኛው፣ መጀመሪያ የተነገረበት ደቂቃ፣ የተስማማንበት አማርኛ፣ ሆን ተብሎ የተለወጠበት ዙር። ከሰንጠረዡ ቀድቶ መለጠፍ ነው እንጂ በየዙሩ አዲስ መተርጎም ክልክል ነው። እንግሊዝኛው አንድ ቃል ከለወጠ አማርኛውም አንድ ቃል ይለውጣል።

ሰብሳቢ፦
ይህ ሐሳቡ ውስጥ ይግባ። የመብት ባለቤቱም ጉዳዩን የሚያውቁ ሰዎች መሆናችንን ያያል። አንተና አንቱስ ምን ይሁን?

የትርጉም ቡድን፦
ጋሼ፣ እሱን ልንጠይቅ ነበር። እንግሊዝኛው የሌለውን ነገር አማርኛ በግድ ያስመርጠናል። ያቀረብነው እንዲህ ነው፦

ክሪስቲና ሾንን ስለምታውቀው ከመጀመሪያው «አንተ» ትለዋለች። ስቲቨንስ ግን አያውቃትም፤ ወታደርም ነው፤ በመጀመሪያው ዙር «እርስዎ» ይላታል። የባቡር ጓደኛዋ ድንገት አንቱ ሲላት ግራ ብትጋባ የፊልሙ ስሜት ነው፤ ፊቷም ላይ አለ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ «አንቺ»። እንግሊዝኛው በድምፅ ቃና የሚያሳየውን መቀራረብ እኛ በአንድ ተውላጠ ስም እናሳያለን።

ጉድዊንና ስቲቨንስ ሁለቱም ሻምበል ናቸው፤ እስከ መጨረሻው «እርስዎ»። ቢሮው ውስጥ ግን ልዩነት ይኑር። ስቲቨንስን ወደ ባቡሩ የሚልከው ፕሮግራም ኃላፊ ዶክተር ረትሌጅ ስለ ስቲቨንስ ሲያወራ «እሱ» ይላል፣ ጉድዊን «እሳቸው» ትላለች። አንዱ እንደ ዕቃ፣ ሌላዋ እንደ ሰው እንደምታየው ያለ ተጨማሪ ቃል ይገባል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፤ የአማርኛ ግሥ ጾታ ይናገራል። «ቦምቡን ያጠመደው» ካልን ከተጠርጣሪዎቹ ሴቶቹን በሙሉ አስወጣን። በተቻለ መጠን «ቦምቡ በማን ተጠመደ?» ተብሎ ግሡ ወደ ቦምቡ ይዙር።

የውይይት መሪ፦
«እሳቸው» አልበዛም? ጽሑፉን ያረዝመዋል።

የትርጉም ቡድን፦
ከ«እሱ» የሚበልጠው በሁለት ፊደል ነው። የመስመር ልኩን ግን ጠብቀናል፦ ቢበዛ ሁለት መስመር፣ በመስመር 30 ፊደል፣ በሴኮንድ 10 ፊደል ገደማ፤ ከ1.5 ሴኮንድ ያነሰና ከ6 ሴኮንድ የበለጠ አይቆይም። «የ» ያለበት ገላጭ ከስሙ ተለይቶ ወደ ታችኛው መስመር አይውረድ።

ንግግር በፍንዳታ ሲቋረጥ ተጠንቀቁ። የእኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ከጻፍነው ገና ያልተናገረውን ተመልካቹ አንብቦ ጨርሷል፤ ፍንዳታው ዘግይቶ ይመጣል። የተሰማው ብቻ ይጻፍና በሰረዝ ይቆረጥ፣ ግሥ ባይኖረውም።

ሰዓቱ፦ ፍንዳታው 7:48 ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1:48 ብንል ሰዓት ስክሪን ላይ በታየ ቁጥር ይጋጭብናል። ሁሉም ቦታ «ጠዋት 7:48» ይባል፤ «ጠዋት» የሚለው ቃል እስካለ ድረስ ማንም ከሰዓት በኋላ አይመስለውም።

የድምፅና ምስል ክፍል፦
ከእኛ በኩል፤ ፋይሉ ኤስአርቲ (የተለመደው የሰብታይትል ፋይል ዓይነት) ሆኖ በዩቲኤፍ-8 (የፊደል ማስቀመጫ ስልት) ይቀመጥ። በሌላ ከተቀመጠ ፊደሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። የአዳራሹ ኮምፒውተር የግዕዝ ፎንት ከሌለው ደግሞ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት፣ ደማቁን፣ በፍላሽ ይዘን እንሄዳለን፤ ነጭ ፊደል፣ ጥቁር ጠርዝ።

የፍሬም ፍጥነት (በሴኮንድ የሚያልፉት ምስሎች ብዛት) ሳይረጋገጥ ለሰብታይትሉ ሰዓት ማስያዝ አይጀመር። የምንሠራበት ኮፒ በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ የሚታየው 23.976 ከሆነ መጀመሪያ ላይ ልክ ይመስልና እየቆየ ይንሸራተታል፤ መጨረሻ ላይ ወደ 4 ደቂቃ ይለያያል። ሰው የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃ ብቻ አይቶ «ሠርቷል» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ፍተሻው በ3ኛው፣ በ45ኛውና በ88ኛው ደቂቃ ይደረግ።

ምስሉ 1.85 ለ1 ስለሆነ 4 ሜትር ስፋት ላለው ስክሪን ቁመቱ 2.16 ሜትር ይሆናል። አዳራሹ ከጨለመ 3,000 ሉመን (የብርሃን መለኪያ) ያለው ፕሮጀክተር ይበቃል። ካልጨለመ 5,000ም አያድነንም፣ ምክንያቱም የካፕሱሉ ትዕይንቶች ሁሉ ጥቁር በጥቁር ናቸው። ስለዚህ ከውድ ፕሮጀክተር ይልቅ ለስድስቱ መስኮቶች ወፍራም መጋረጃ እንጠይቅ፤ ወይም ከምሽቱ 1 ሰዓት ይጀመር።

መብራት ቢሄድ? 1,500 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ፕሮጀክተሩንና ኮምፒውተሩን ጀኔሬተር እስኪነሳ ይይዛል፤ የድምፅ ማጉያው ግን እሱ ላይ አይሰካ። ዩፒኤሱም ካልያዘ ጉዳዩ ከሌላው ፊልም ይለያል። እንደተለመደው ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ መልሰን ብናስጀምር ተመልካቹ አዲስ ዙር የተጀመረ ይመስለዋል፤ የሚስቅም ይኖራል። ፊልሙ ከቆመበት ቦታ ይቀጥል፣ መድረክ መሪውም ጮክ ብሎ ይናገር።

ገንዘብ ያዥ፦
የቴክኒኩ ወጪ ቀላል ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ መብቱ ነው። ዲቪዲ መግዛት ለቤት ማያ እንጂ ለአዳራሽ አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሕዝብ ማሳየትም ሆነ መተርጎም የባለመብቱ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ሁለት ፈቃድ ለይቶ ይጠይቅ፦ ለአንድ ጊዜ ማሳያ፣ ለሰብታይትል ትርጉም። አንዱን ብቻ ጠይቀን ብንፈቀድ ሌላው ቀርቶብናል። የመቀመጫ ብዛት 120፣ መግቢያ በነጻ፣ ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠርም ይጻፍ። ሰብታይትሉን ከማሳያው በኋላ ለማንም እንደማንሰጥም ይካተት፤ ብዙ ባለመብቶች የሚጨነቁት ለዚህ ነው። መልስ እስኪመጣ ማስታወቂያ አይለጠፍ።

ጸሐፊ፦
ሁሉንም አስገብቻለሁ። «ለምን ይህን ፊልም» አሁን እንዲህ ይነበባል፦

«ፊልሙ ተመልካቹን ከገጸ ባሕርዩ እኩል አዋቂ ያደርገዋል። ያንኑ 8 ደቂቃ ደጋግሞ ሲያሳይ ትናንሽ ነገሮች፣ የተደፋ ቡና፣ የትኬት ጥያቄ፣ የአንዲት ሴት ሰላምታ፣ ክብደት ያገኛሉ። ይህ ጨዋታ በቋንቋ ድግግሞሽ ላይ ስለቆመ በጥንቃቄ የተሠራ የአማርኛ ሰብታይትል ያስፈልገዋል፤ የአሠራር ሰንጠረዣችን ከዚህ ጋር ተያይዟል። ከፊልሙ በኋላ ሁለት ሰዎች የኖሩት ጊዜ እኩል ሳይሆን ስለሚበቅል ፍቅር የ40 ደቂቃ ውይይት ይደረጋል።»

የጊዜ ሰሌዳው፦ ሰንጠረዡ 1 ሳምንት፣ ትርጉሙ 3 ሳምንት፣ እርማቱ 1 ሳምንት፣ የአዳራሽ ሙከራ 1 ቀን። ሁሉም የሚቆጠረው ፈቃዱ በእጃችን ከገባ በኋላ ነው።

የፕሮግራም ክፍል፦
«የአንዲት ሴት ሰላምታ» ላይ ክሪስቲና በስሟ ትጠቀስ። «አንዲት ሴት» ስንል ሰውን እንደ ዕቃ የሚያየውን ረትሌጅን መሰልን።

ጸሐፊ፦
ተስተካክሏል። የቀረው «እሳቸው» ነው፤ እስከ ሐሙስ ድምፅ ስጡበት።

የትርጉም ቡድን፦
ድምፁ ከመሰጠቱ በፊት የቢሮውን አንድ ትዕይንት በሁለቱም አማራጭ ሠርተን፣ ጽሑፉን ብቻ ነገ ማታ እንለጥፋለን። ጮክ ብላችሁ አንብቡትና ወስኑ።