የልጄን የኮሌጅ ክፍያ በቴሌግራም በተላከ መተግበሪያ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ የባቲው አባት

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ልጄ ደሴ ከተማ በአንድ የግል ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። የመንፈቀ ዓመቱን ክፍያ 14,500 ብር ለመክፈል ባለፈው የሰኞ ገበያ ፍየሎች ሸጬ ገንዘቡን ባንክ አስገብቻለሁ። እስካሁን በኮሌጁ የባንክ ሒሳብ ገቢ እያደረግን ደረሰኙን ስናስረክብ ነበር የቆየነው።

በዚህ ሳምንት ግን በተማሪዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የኮሌጁ ዓርማ ያለበት መልእክት ወጣ። ከእንግዲህ ክፍያ የሚፈጸመው በአዲሱ መተግበሪያ ብቻ እንደሆነና እስከ ዓርብ ያልከፈለ ተማሪ እንደማይመዘገብ ይገልጻል፤ ከሥሩም ኤፒኬ የሚባል የመተግበሪያ መጫኛ ፋይል ተያይዟል። ልጄ አንደኛ ዓመት ሳለች ከኮሌጁ ድረ ገጽ አውርዳ ውጤቷን የምታይበት መተግበሪያ ስላላት አዲሱን በላዩ ለመጫን ብትሞክር ስልኳ ከነባሩ ጋር ስለሚጋጭ አልተጫነም ብሎ መለሰላት። በግሩፑ ስትጠይቅ መልእክቱን የለጠፈው ሰው «አሮጌውን አጥፍተሽ ጫኚው፤ ስልኩ ካስቸገረሽ ፕሌይ ፕሮቴክት የሚባለውን የመተግበሪያ መፈተሻ ዝጊው» አላት። እርሷም ግራ ሲገባት፣ የባንክ መተግበሪያው ያለው በእኔ ስልክ ስለሆነ እኔው እንድጭነው ላከችልኝ። ፋይሉን ስነካው ስልኬ ከቴሌግራም የመጣ መተግበሪያ እንዲጫን ፈቃድ እንድሰጥ ጠየቀኝ፤ እዚያ ላይ እጄ ቆመ። ብጭነው ጉዳት አለው? ካልጫንኩትስ ልጄ ከምዝገባ ትቀርብኛለች?

መልስ፦ ሞባይል ጠጋኝ፣ ኮምቦልቻ

ወዐለይኩም ሰላም ጋሼ። እጅዎ የቆመው በደህና ቦታ ነው፤ አይጫኑት።

ከፕሌይ ስቶር ውጭ መጫን በራሱ ጥፋት አይደለም። ዳታ ለመቆጠብ ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያስተላልፈው በዜንደር ከእጅ ወደ እጅ የምንቀባበለው ብዙ ነው፤ የልጅዎ የመጀመሪያው መተግበሪያም ቢሆን በድረ ገጽ የመጣ ነው። ጥያቄው ማን ሠራው፣ ሳይነካካስ ደርሶናል ወይ የሚለው ነው፤ ለዚህ ደግሞ የልጅዎ ስልክ ግማሹን መልስ ሰጥቷል።

እያንዳንዱ የአንድሮይድ መተግበሪያ የሠሪው ዲጂታል ፊርማ አለበት፤ እንደ መሥሪያ ቤት ማኅተም ይቁጠሩት። አዲስ ዕትም በአሮጌው ላይ ሊጫን ሲመጣ ስልኩ ሁለቱን ማኅተሞች ያመሳክራል፣ ካልተመሳሰሉም አላስገባም ይላል። እንዲህ ያለው የግጭት መልእክት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አዲሱን ያዘጋጀው ሰው የአሮጌው ሠሪ ሳይሆን ሲቀር ነው። ኮሌጁ ባለሙያ ቀይሮ ወይም የቀድሞው ባለሙያ የፊርማውን ቁልፍ ጥሎት ሊሆን ስለሚችል ይህ ብቻውን ሌብነትን አያረጋግጥም። ነገር ግን «አሮጌውን አጥፊው» ማለት ማኅተሙ የሚመሳከርበትን ሰነድ አስወግጂው ማለት ነው፤ ፕሌይ ፕሮቴክትን ዝጊው ሲጨመርበት ደግሞ እኔ በበኩሌ ሌላ ማስረጃ አልጠብቅም።

ሌላው የሚጠይቀው ፈቃድ ነው። ክፍያ የሚቀበል መተግበሪያ አጭር መልእክትዎን የሚያነብበት ምክንያት የለውም፤ ባንክ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር የሚደርስዎት ግን በዚያው በአጭር መልእክት ነው። አክሰሲቢሊቲ የሚባለው ፈቃድ ከሁሉም ይከፋል። የተሠራው ለዓይነ ስውራንና ለሌሎች አካል ጉዳተኞች እንዲያግዝ ነው፤ ስለዚህ የተሰጠው መተግበሪያ ገጹ ላይ ያለውን ያነብባል፣ በእርስዎ ፈንታም ቁልፎችን ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አንድሮይድ 13 ከውጭ ለተጫኑ መተግበሪያዎች ይህን ፈቃድ መስጠት አስቸጋሪ አድርጎታል፤ እኔ ዘንድ ለጥገና የሚመጡት ስልኮች ግን በአብዛኛው ከዚያ በፊት የወጡ ናቸው። ባለፈው ወር አንዲት የሻይ ቤት ባለቤት ስልኳ ማንም ሳይነካው ገጽ ሲቀያይር እያየች በሩጫ መጥታ ነበር፤ መጀመሪያ ያደረግኩት ሲም ካርዱን ማውጣት ነው።

መልስ፦ የባንክ ሠራተኛ፣ ደሴ

የምጽፈው በግሌ ነው። ጋሼ፣ ለዚህ ክፍያ አዲስ መተግበሪያ ጨርሶ አያስፈልግዎትም። ባቲ ካለው ቅርንጫፍ መስኮት ቀርበው ወደ ኮሌጁ ሒሳብ ማስገባት ይችላሉ። የሞባይል ባንኪንግ የተመዘገበ የንግድ ባንክ ደንበኛ ያለ ኢንተርኔት በ*889# ማስተላለፍ ይችላል፤ ለቴሌብር ደግሞ *127# አለ።

የሒሳብ ቁጥሩን በቴሌግራም ከመጣው መልእክት ሳይሆን ካለፈው ዓመት ደረሰኝ ላይ ይውሰዱ። ቁጥሩ ከገባ በኋላ የሒሳቡ ባለቤት ስም ይወጣል፤ መውጣት ያለበት የኮሌጁ ስም ነው፣ የግለሰብ ስም ካዩ እዚያው ያቁሙ። በክፍያው ምክንያት ላይ የልጅዎን ሙሉ ስምና የተማሪ መለያ ቁጥር ያስጽፉ፤ ይህ ሲዘነጋ ገንዘቡ ገብቶ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ተማሪዋ ስትመላለስ ትከርማለች። ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚያዘጋጁ መተግበሪያዎችም ስለተሠራጩ የስክሪን ፎቶ ብቻ አይበቃ ይሆናል፤ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ይያዙ። በንግድ ባንክ ደረሰኝ ላይ «ኤፍቲ» ብሎ የሚጀምረውን የግብይት ቁጥር ለብቻው ጽፈው ያስቀምጡት፤ የኮሌጁ ሒሳብ ክፍል ገንዘቡን የሚፈልገው በእርሱ ነው።

ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ምናልባት ጭኖት የሚስጥር ቁጥሩን አስገብቶ ከሆነ፣ በሌላ ስልክ ወዲያውኑ ወደ ባንኩ ይደውል (ለንግድ ባንክ 951፣ ለቴሌብር 127 ነው)፤ አገልግሎቱን ካሳገደ በኋላ ወደ ቅርንጫፍ ይሂድ።

የዓርቡን ቀጠሮ በተመለከተ በአሮጌው ደረሰኝ ላይ ባለው ስልክ ሬጅስትራሩን ይጠይቁ።

መልስ፦ ተማሪ፣ ወልድያ

አባቴ፣ በዚህኛው ጉዳይ አለመጫንዎን እደግፋለሁ፤ ሆኖም ኤፒኬ የተባለ ሁሉ የሌባ ነው እንዳይባል አንድ ነገር ልጨምር። ፕሌይ ስቶር ላይ መተግበሪያ ለማውጣት አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር ይጠየቃል፤ ብሩ ቢገኝ እንኳ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለአገራችን ተማሪ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ጓደኞቼ የሠሩትን የትምህርት መርሐ ግብር ማሳያ በቴሌግራም የሚያሠራጩት በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። እነዚህ ግን ገንዘብ አይነኩም። እኛ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያለን በአብዛኛው የወጪ መጋራት ውል ፈርመን ተመርቀን ሥራ ስንይዝ ስለምንከፍል፣ እንዲህ ያለው የክፍያ ማስፈራሪያ ብዙም አይደርስብንም።

የባቲው አባት

አላህ ይስጥልኝ። በአሮጌው ደረሰኝ ላይ ባለው ቁጥር ደወልኩ። ያነሳችው የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ለክፍያ የወጣ አዲስ መተግበሪያ እንደሌለ፣ የባንክ ሒሳቡም እንዳልተቀየረ፣ ምዝገባውም እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍት እንደሆነ ነገረችኝ። ዛሬ ጠዋት መስኮት ላይ ከፈልኩ፤ የልጄን ስምና መለያ ቁጥርም አስጻፍኩ። አሁን የቀረኝ የልጄ ስልክ ነው። ፋይሉ አልተጫነም፤ ነገር ግን ለቴሌግራም ፈቃዱን ሰጥታ፣ ፕሌይ ፕሮቴክትንም ዘግታ ነበር። በስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ መሰረዝ ያስፈልጋል?

ሞባይል ጠጋኝ፣ ኮምቦልቻ

ካልተጫነ አያስፈልግም ጋሼ፤ ፎቶዋንና ማስታወሻዋን በከንቱ ታጣለች። ሴቲንግ ከፍታ በመፈለጊያው «አንኖውን አፕስ» ብላ ትጻፍ፤ የሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ለቴሌግራም የተሰጠውን ፈቃድ ትዝጋው፣ አንዴ የተሰጠ ፈቃድ እስኪነሳ ድረስ ክፍት ሆኖ ይቆያልና። ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ ፈቃዱ ለየመተግበሪያው ለየብቻ ስለሆነ ክሮምንና ዜንደርንም ትመልከት። ቀጥሎ ፕሌይ ስቶር ገብታ በላይ ጥግ ያለውን የራሷን ምስል ነክታ ፕሌይ ፕሮቴክትን ትክፈተውና ስልኩን ታስፈትሽ። ፋይሉን ከቴሌግራምም ከዳውንሎድ ማኅደርም ትሰርዘው። አሮጌውን የኮሌጅ መተግበሪያ ግን እንዳትነካው።

የባቲው አባት

እንዳልከው አድርጋለች። ክሮም ላይም ፈቃዱ ክፍት ሆኖ አግኝታዋለች፤ አምና የኮሌጁን መተግበሪያ ስታወርድ የተከፈተ መሆን አለበት። በግሩፑ የነበረው መልእክት ከትናንት ማታ ጀምሮ የለም። ልጄ ፎቶ አንስታው ስለነበር ነገ ከደረሰኙ ጋር ለሬጅስትራር ታስረክበዋለች።