ዳታቤዙን ወደ ክላውድ ካዛወርኩ በኋላ የአባላት ስም «????» ሆኖ ይቀመጣል

ጥያቄ — ጀማሪው

ጤና ይስጥልኝ። 4,000 ገደማ አባላት ላሉት የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላት መመዝገቢያና የብድር መከታተያ ሲስተም ብቻዬን እሠራለሁ። ዳታቤዙ ለዓመታት በቢሮው ኮምፒውተር ላይ፣ በአሮጌ ማይኤስኪዩኤል (የዳታቤዝ ሶፍትዌር) ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ሥራ ስለሚቆም ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በክላውድ (በኢንተርኔት በሚገኝ የኪራይ ሰርቨር) ላይ አገልግሎት ሰጪው ራሱ ወደሚያስተዳድረው የማይኤስኪዩኤል 8 ዳታቤዝ አዛወርኩት፤ የአፕሊኬሽኑንም ግንኙነት ወደ ዩቲኤፍ-8 (ግእዝን ጨምሮ የብዙ ቋንቋዎችን ፊደላት ወደሚይዘው የጽሑፍ ኮድ) ቀየርኩት።

የነባር አባላት ስም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ሆኖ ይታያል። አዲስ አባል ሲመዘገብ ደግሞ ሲስተሙ ስሙን አልቀበልም ይል ነበር፤ ጥቅምት 29 ላይ ቀኑንም አልቀበልም አለ። አንድ ወዳጄ ስትሪክት ሞድ የሚባለውን (ዳታቤዙ የማይስማማውን መረጃ እንዳይቀበል የሚያደርገውን ቅንብር) እንዳጠፋ መክሮኝ ሳጠፋው ሁለቱም ስሕተቶች ጠፉ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የተመዘገቡት የ37 አባላት ስም በሙሉ «????» ሆኗል። የትናንቱን ባክአፕ ብመልሰው ይስተካከል ይሆን? ምናልባት ይጠቅም እንደሆነ፣ የቢሮው የኢንተርኔት አድራሻ ስለሚቀያየር ፖርት 3306ን (ዳታቤዙ ከውጭ ግንኙነት የሚቀበልበትን በር) ለሁሉም ክፍት አድርጌዋለሁ።

መልስ 1 — ሰንጠረዥ

ሰንጠረዦቹ በላቲን-1 (የላቲን ፊደላትን ብቻ በሚይዝ የጽሑፍ ኮድ) የተፈጠሩ ይመስለኛል። በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ወደ ዩቲኤፍ-8-ኤምቢ-4 (የማይኤስኪዩኤል ሙሉ ዩቲኤፍ-8) ይለውጧቸው፤ የ37ቱን ስም ደግሞ ከባክአፑ ያገኙታል።

መልስ 2 — የሌሊት ተረኛ

ከላይ የተሰጠውን ምክር ከመፈጸምዎ በፊት እባክዎ ይቆዩ። ሰንጠረዦቹ በላቲን-1 መሆናቸው እውነት ሊሆን ይችላል፤ በቀጥታ ከለወጧቸው ግን ዳታቤዙ የተበላሸውን ንባብ ትክክለኛ ጽሑፍ አድርጎ ስለሚወስደው ችግሩ ይደራረባል። መጀመሪያ ምዝገባውን ያቁሙ፤ ስናፕሾት (የዳታቤዙን የአሁን ሙሉ ቅጂ) ያንሱና በአዲስ ኢንስታንስ (በሌላ የዳታቤዝ ሰርቨር) ላይ ከፍተው ሙከራውን ሁሉ በዚያ ያድርጉ።

ከዚያም አንድ ስም ይምረጡና በውስጡ ስንት ፊደልና ስንት ባይት (ኮምፒውተሩ ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት መለኪያ) እንዳለ ዳታቤዙን ይጠይቁት። የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ «አበበ» 3 ፊደልና 9 ባይት መሆን አለበት። ውጤቱ 3 እና 9 ከሆነ የተቀመጠው ጽሑፍ ደኅና ነው፤ ስሕተቱ ያለው በግንኙነቱ ላይ ብቻ ነው። 9 እና 9 ከሆነ ባይቶቹ ሳይነኩ አሉ፤ ዳታቤዙ ግን እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ይቆጥረዋል፤ የነባር አባላትዎ ስም እንደዚህ እንደሆነ እገምታለሁ። 3 እና 3 ከሆነ ግን የተቀመጠው በእርግጥም ሦስት የጥያቄ ምልክት ነው። በስክሪን ላይ «???» ማየት ብቻውን ምንም አይነግርዎትም፤ ደኅናውም የጠፋውም በዚያው መልክ ሊታይ ይችላል።

9 እና 9 ለሆኑት፣ ዓምዱን በመጀመሪያ ወደ ባይነሪ (ፊደል ሳይሆን ጥሬ ባይት ብቻ ወደሚይዝ ዓይነት)፣ ቀጥሎ ከባይነሪ ወደ ዩቲኤፍ-8-ኤምቢ-4 ይለውጡት። በባይነሪ በኩል ሲያልፍ ዳታቤዙ ምንም ነገር ለመተርጎም ስለማይሞክር ባይቶቹ እንዳሉ ይቆያሉ። የ37ቱ ስም ግን ከባክአፕ አይገኝም፤ ወደ ዳታቤዙ የገባው የጥያቄ ምልክት ስለሆነ በየትኛውም ቀን የተወሰደ ባክአፕ የሚመልሰው እሱኑ ነው። ከወረቀት ቅጹ እንደገና መጻፍ ይኖርብዎታል።

ስትሪክት ሞድ ጠባቂዎ ነበር። ላቲን-1 የግእዝን ፊደል መያዝ ስለማይችል ዳታቤዙ «አልቀበልም» ያለዎት በትክክል ነው፤ ሲያጠፉት ግን አቅም አላገኘም፣ መናገሩን ብቻ ነው ያቆመው። በአገልግሎት ሰጪው የቅንብር ገጽ ላይ ዛሬውኑ ይመልሱት።

መልስ 3 — ዘመን ቆጣሪ

እኔን ያሳሰበኝ ቀኑ ነው። ችግሩ ጥቅምት 29 ላይ መጀመሩ የሚያሳየው የኢትዮጵያን ቀን በዴት ዓምድ (የጎርጎርዮሳዊ ቀን ብቻ በሚይዝ ዓምድ) ውስጥ እንዳለ እያስገቡ መሆኑን ነው። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ «2017-02-29» ብለው ሲልኩ ዳታቤዙ የሚያነበው የፌብሩዋሪ 29 ቀን አድርጎ ነው፤ በጎርጎርዮሳዊው 2017 ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን አልነበረም። የጥቅምት 30 በየትኛውም ዓመት አይገባም፤ ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነ ከነጭራሹ አይታወቅም። ስትሪክት ሞድ ሲጠፋ እነዚህ ሁሉ በዝምታ የዜሮ ቀን («0000-00-00») ይሆናሉ። ከ5.7 በፊት በነበሩት የማይኤስኪዩኤል ስሪቶች ይህ ሞድ በነባሪ በርቶ አይመጣም ነበርና፣ የቀድሞዎቹንም ዓመታት ይፈትሹ።

የተቀበላቸው ቀኖችም ደኅና አይደሉም። ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 1 ያለው 30 ቀን ነው፤ ዳታቤዙ ግን ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ማርች 1 አድርጎ 28 ይቆጥረዋል። ወለድ በቀን የምታስቡ ከሆነ በአባላት ገንዘብ ላይ እየተሳሳታችሁ ነው። በጎርጎርዮሳዊው ያስቀምጡ (ጥቅምት 30 ቀን 2017 ማለት ኖቬምበር 9 ቀን 2024 ነው)፤ ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጡ ለተጠቃሚው በሚታይበት ጊዜ ብቻ ይሁን።

መልስ 4 — በረኛ

ስለ ፖርቱ በአጭሩ፦ አሁኑኑ ይዝጉት። ዳታቤዙን ማግኘት ያለበት የአፕሊኬሽኑ ሰርቨር ብቻ ነው። እርስዎ ከቢሮ መግባት ሲፈልጉ በዚያው ሰርቨር በኩል በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት ግንኙነት) ይሂዱ፤ አድራሻዎ ቢቀያየርም አያስቸግርዎትም።

ጠያቂው እንደገና

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በቅጂው ላይ ሞከርኩት፤ ነባሮቹ 9 እና 9፣ አዲሶቹ 3 እና 3 ሆነው ተገኙ። በባይነሪ በኩል ያለፉት ስሞች በሙሉ ተነበቡ፤ የመጀመሪያውን «ወለተ ማርያም» ሳይ ከወንበሬ ተነሣሁ። ፖርቱ ተዘግቷል፤ ስትሪክት ሞድም ተመልሷል። ዘመን ቆጣሪ እንዳሉት የቀድሞውን ስፈትሽ 112 የዜሮ ቀን አገኘሁ፤ ከደረሰኞቹ ጋር ሳስተያይ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ጳጉሜን ያልሆነ አንድም የለም። ወለድ የምናስበው በወር ስለሆነ ሒሳቡ አልተዛባም፤ የዘገየ ክፍያ ቅጣት ግን በቀን ነው። የተከፈለውን ቅጣት እንደገና ማስላት የሚቻለው ቀኖቹን ከለወጥኩ በኋላ ነው ወይስ በፊት?

ዘመን ቆጣሪ

በኋላ ነው። አሮጌውን ዓምድ ግን አይሰርዙት፤ አዲሱን ቀን በሌላ ዓምድ ያስቀምጡና ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘው ያስሉ፤ ልዩነት ያለባቸውን አባላት ዝርዝር ለማኅበሩ ሒሳብ ሹም ለማሳየት ያስፈልግዎታል።