ካቤርኔ ከዶሮ ወጥ ጋር ለምን ይመራል?

ሙዳይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሪፍት ቫሊ ካቤርኔ ሶቪኞ የተባለው ቀይ ወይን ከጥብስ ጋር ይጥማል፤ ያው ጠርሙስ ለዶሮ ወጥ ሲቀርብ ግን ይመራል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ የፍሬው ጣዕም ድራሹ ይጠፋል። የሚቀዳው ከመደርደሪያ ተነሥቶ ሳይቀዘቅዝ ነው። ጥፋቱ የወይኑ ነው የወጡ? ኪስ የማይጎዳ፣ ለዶሮ የሚሆን የትኛው ነው?

ቡሽ መክፈቻ፦
ሙዳይ፣ ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም፤ አይስማሙም እንጂ። ካቤርኔ ታኒኑ ብዙ ነው። ታኒን ከወይኑ ልጣጭና ዘር የሚወጣ ሲሆን፣ የከረረ ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጣ ምላስን ጭምድድ እንደሚያደርገው ያደርጋል። ሥጋ፣ ስብና ጨው ያለዝቡታል፤ ከጥብስ ጋር የጣመሽ ለዚህ ነው። በርበሬ ሲመጣ ግን አልኮሉም ታኒኑም ማቃጠሉን ያብሱታል።

ሁለተኛው ነገር ቁሌቱ ነው። የዶሮ ሽንኩርት ቀስ ብሎ በደንብ ሲቁላላ ይጣፍጣል። ከምግቡ ያነሰ ጣፋጭነት ያለው ወይን ደግሞ አፍ ውስጥ ይኮመጥጣል፣ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ለዶሮ መጠነኛ ጣፋጭ የሆነውን ቀይ አካሺያ ያዢ፤ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዞ ይቅረብ። ካቤርኔውን ለጥብስ ተዪው፤ እሱም ቢሆን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይሁን። ሞቅ ካለ ከብርጭቆው ቀድሞ የሚወጣው አልኮሉ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ ከቸኮልሽ በረዶና ውኃ ባለበት ባልዲ 10 ደቂቃ። በረዶው ብቻውን ቶሎ አያቀዘቅዝም፣ ጠርሙሱን ዙሪያውን የሚነካው ውኃው ነው።

ሲሶ ብርጭቆ፦
ከመፍረድሽ በፊት ወይኑ ራሱ ደህና መሆኑን አረጋግጪ። ብርጭቆውን እስከ ሲሶው ብቻ ቅጂ (ጢም ካለ ማሽከርከር አይቻልም፣ እንግዳ ሲመጣ ግን ሁላችንም ጢም እናደርጋለን)። በነጭ ሶፍት ላይ አዘንብለሽ የወይኑን ጠርዝ እዪ። አዲስ ወይን ሆኖ ጠርዙ ወደ ቡናማ ካደላ ሙቀት ወይም አየር ነክቶታል፤ ፀሐይ ከሚያገኘው የሱቅ መስኮት የተነሣ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ከዚያ ሳታሽከረክሪ አሽትቺ። የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ አበላሽቶታል፣ ቢናፈስም አይድንም። አቼቶ ከሸተተ ለድስት እንኳ አይሆንም።

ደህና ከሆነ መጀመሪያ ያለ ምግብ አንድ ጊዜ ተጎንጪ፣ ቀጥሎ በወጡ ጉረሺ፣ እንደገና ተጎንጪ። ልዩነቱ ያኔ ቁልጭ ይላል። ካቤርኔ ብቻ ካለ አይብ አቅርቢ፤ ከወጡ ቀጥሎ አንድ የአይብ ጉርሻ፣ ከዚያ ወይኑ። የወተት ፕሮቲን የሚያቃጥለውን ነገር ከምላስ ጠርጎ ይወስደዋል።

ለብለብ፦
ከቡሽ መክፈቻ ጋር እስማማለሁ፣ አክሱሚት የተባለውን ቀይ ወይን ግን አትርሱት። በጣም ጣፋጭ ነው፤ ወጡ እንባ የሚያስወጣ ከሆነ ቀዝቀዝ ብሎ በትንሽ ብርጭቆ ያስኬዳል። ለቁርጥ ጉደር የተባለው ወይን ይሻላል፣ ሚጥሚጣው ለብቻው ከተቀመጠና በስሱ ከተነካ። ክትፎ ላይ ሚጥሚጣው አብሮ ስለሚታሽ ማስተካከያ የለውም፤ ወይን ካሰባችሁ ሲታሽ ቀንሱለት፣ ቅቤውን አትቀንሱ። ጎመን ምሬት ስላለው ከካቤርኔ ጋር አይሆንም፣ ሜርሎ የተባለው ቀይ ወይን ይለዝባል።

የተረፈውን ቡሹን መልሰሽ ፍሪጅ ውስጥ አቁሚው፣ እስከ 3 ቀን ይቆያል። ከዚያ በፊት ለጥብስ ማዋል ይቻላል፦ ሥጋው ውኃውን ጨርሶ ከተጠበሰ በኋላ አንድ ቡና ሲኒ ድራይ (ጣፋጭ ያልሆነ) ወይን ጨምሮ የአልኮሉ ሽታ እስኪጠፋ ማንተክተክ፣ ቅቤው ከዚያ ወዲያ። ጣፋጩን አትጨምሪ፣ ድስቱ ላይ ያራል።

ሙዳይ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ለ5 ሰው አንድ ጠርሙስ ይበቃል?

ቡሽ መክፈቻ፦
750 ሚሊ ሊትር በ125 ሲቀዳ 6 ብርጭቆ ነው። ለቅምሻ ይበቃል፤ ምሳው እስከ ቡናው ከዘለቀ ሁለት ያዢ።