ዴኩ ተሰበረብኝ፣ እሁድ ክርስትና አለብኝ፣ እባካችሁ ቶሎ

አባ ሶስና (ሐሙስ ማታ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ዛሬ ከሰዓት አማቴ በርበሬ ሊያሰጡ ሰፌድ ይዘው ጓሮ ዴኩ (ከቤቱ ጋር የተያያዘው የጣውላ ሰገነት) ላይ ሲወጡ፣ አንዱ ጣውላ እግራቸው ሥር ተሰብሮ ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን ቁርጭምጭሚታቸው ከመላጡ በቀር ደህና ናቸው። በርበሬው ግን ሄዷል። እሁድ የልጄ ክርስትና ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ 60 ሰው ይመጣል፣ ምግቡም ቡናውም የታሰበው እዚያው ላይ ነው። ሐሳቤ ፕላይውድ ቸንክሬበት ምንጣፍ ማንጠፍ ነው። ውፍረቱ ስንት ይሁን? በኋላ ሙሉውን ስቀይረውስ እንጨት ይሻላል ወይስ ያ ፕላስቲክ የሚመስለው? ያለሁት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

ሦስተኛ በረካ
እንኳን ማርያም ማረቻችሁ። በርበሬው በስንጥቁ ከወረደ ምስጥም ጉንዳንም ለሦስት ዓመት አይጠጋህም፣ ግማሹ ችግር ተፈቷል።

የጉለሌ ልጅ
ወንድሜ፣ ችግሩ ከመነሻው እንጨቱ ነው። እናንተ ጋ ዴክ የሚሠራው ፓይን ከሚሉት የፈረንጆች ጥድ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ መድኃኒት ካልነከሩት ዕድሜ የለውም። የእኛ የሐበሻ ጥድ ግን ምስጥ አይደፍረውም። አያቴ ግቢ የአጥሩ ቋሚ ጥድ ነበር፣ ቤቱ ሁለት ጊዜ ሲታደስ አጥሩ እዚያው ቆሞ ጠበቀን። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የገባው ለማገዶና ለፈጣን ግንባታ ነው። እሱም ቢሆን መሬት ውስጥ የሚገባውን ጫፍ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብተህ ካልቀበርከው ምስጥ ይጨርሰዋል። አንተም ሥሩን የተቃጠለ ዘይት ቀባው፣ ከመካኒክ በነፃ ታገኛለህ።

ካቻቪቴ (አሌክሳንድሪያ፣ አናጢ)
የጉለሌው፣ ታሪኩን ወድጄዋለሁ፣ ዘይቱን ግን ተወው። ያንሸራትታል፣ እሳት ይስባል፣ ልብስ ያበላሻል፣ ዝናብ ሲመጣ አፈር ውስጥ ይገባል። ሕፃን በሚድህበት ቦታ አይሆንም።

አባ ሶስና፣ ፕላይውዱን ለጊዜው እርሳውና እነዚህን ንገረኝ። ዴኩ ከመሬት ስንት ከፍ ይላል? መቼ ነው የተሠራው? የተሰበረው መሐል ላይ ነው ወይስ ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ?

አውሮራ ኮሎራዶ
የእኔም ባለፈው ዓመት እንዲሁ ሆኖ ነበር። አትጨነቅ፣ የተሰበረውን ጣውላ ብቻ ነቅለህ በሌላ ተካው። ሆም ዲፖ (የግንባታ ዕቃ መደብሩ) ሄደህ የዴክ ጣውላ ስትላቸው ይሰጡሃል። ስፋቱ 5 ኢንች ተኩል፣ ውፍረቱ 1 ኢንች ነው። በቪቴ እሰረው፣ በምስማር አይሁን። የሁለት ሰዓት ሥራ ነው።

አባ ሶስና
ካቻቪቴ፣ ቤቱ የተሠራው በ1998 ነው፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው። ዴኩም አብሮ የተሠራ ይመስለኛል። ከፍታው ከእኔ ቁመት በለጥ ይላል፣ ሥሩ የቤዝመንቱ (የምድር ቤቱ) በር ነው። 12 በ16 ፊት ነው። የተሰበረው ከመስታወት በሩ ሁለተኛው ጣውላ ላይ ነው፣ ስለዚህ ግድግዳው አጠገብ። ግን ይሄ ለፕላይውዱ ውፍረት ምን አገባው? አማቴ ደግሞ የተሰበረውን ቁራጭ ለቅዳሜ ዶሮ ማገዶ ይሆናል ብለው አስቀምጠውታል፣ ከሰል ለማስያዝ ጥሩ ነው ብለው።

ኩኩ ሲያትል
ወንድሜ እባክህ ያንን ቁራጭ ከእጃቸው ውሰድ!! ከ2004 በፊት በዚህ አገር ለዴክ የሚሸጠው የተነከረ እንጨት በአብዛኛው መድኃኒቱ አርሰኒክ ነበረበት። ለመኖሪያ ቤት መሸጡ የቆመው 2003 ሲያልቅ ነው። የእናንተ 1998 ነው አልክ። ጭሱም አመዱም መርዝ ነው። የአሁኑም የተነከረ እንጨት ቢሆን ለእሳት አይሆንም። ስትቆርጠው ጭምብል አድርግ፣ ብናኙን ጥረግ፣ እጅህን ታጠብ።

ሦስተኛ በረካ
የክርስትና ዶሮ በአርሰኒክ። ቄሱን ሁለት ጊዜ ልታስመጣቸው ነው።

አባ ሶስና
ኩኩ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አማቴ «እኛ ስንት ዓመት እንጨት አንድደናል» ብለው ተቆጥተዋል፣ ግን ወስጄ ቆሻሻ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ካቻቪቴ
አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ሰበብ እያበዛሁብህ አይደለም። ጣውላው መሐል ላይ ቢሰበር አውሮራ ያለው ልክ ነበር፣ ጣውላ ቀይረህ ትገላገላለህ። አንተ ግን የተሰበረብህ ከቤቱ አጠገብ ነው፣ ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሯል። ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ አንድ ረጅም አግዳሚ አለ፣ ሌጀር ይሉታል። የዴኩ ግማሽ ክብደት እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። በእሱና በግድግዳው መሐል ውኃ የሚመልስ ላሜራ ከሌለ፣ ወይ ቀድዶ ከሆነ፣ በየዝናቡ ውኃ ከኋላው እየገባ ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ላዩ ደህና ይመስላል። ዴክ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ቦታ ነው፣ ያውም ሰው በተሰበሰበበት ቀን። የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ነገ ጠዋት ሲነጋ፣ ሥሩ ሳትቆም፣ በቤዝመንቱ በር በኩል ሆነህ ባትሪ አብራበት። ሌጀሩ በወፍራም ብሎን ነው የታሰረው ወይስ በምስማር ብቻ? ግማሽ ኢንች ብሎን ከነሮንዴላው ተሰልፎ ካላየህ ችግር አለ። ከዚያ ካቻቪቴ ወስደህ ሌጀሩንና ከእሱ የሚነሱትን አግዳሚዎች ጫፍ ውጋ። ጤነኛ እንጨት ጫፉን ብቻ ቀምሶ ይመልስልሃል። የበሰበሰው ግን እንደ እርጥብ ዳቦ ይቀበልሃል።

አውሮራ ኮሎራዶ
ከልምዴ ነው የምናገረው፣ አንድ ጣውላ ለመቀየር ይሄ ሁሉ ምርመራ አያስፈልግም። ጣውላ ብቻ ቀይር።

ካቻቪቴ
የአንተ ዴክ ከመሬት ስንት ከፍ ይላል?

አውሮራ ኮሎራዶ
አንድ ደረጃ።

ሦስተኛ በረካ
😂

የምሥራች ከቬጋስ
ለሁለተኛው ጥያቄ እኔ ልመልስ። ፕላስቲክ የሚመስለው ኮምፖዚት ይባላል፣ የእንጨት ብናኝና ፕላስቲክ ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው። እኛ አስገባን። ቀለም አይፈልግም፣ ስንጥር አይወጋም፣ እሱን አልክድም። ግን በበጋ ባዶ እግርህን አትረግጠውም። እናቴ ነጠላ ጫማ ረስታ ወጥታ ዘላ ነው የተመለሰችው። ሌላው፣ ቡና ስናፈላ የከሰሉ ምድጃ እግር ሥር ምንም ሳናነጥፍ ቀረን። ክብ ሆኖ ሟሟ፣ አሁንም የአበባ ማሰሮ ደብቆት ነው ያለው። እንጨት ቢሆን ይጠቁራል እንጂ እንዲያ አይሆንም ነበር። ከሰል የሚወጣበት ቤት ከሆነ የድንጋይ ንጣፍ ወይም ሸክላ ሥሩ ይደረግ።

እትዬ አልማዝ
ልጄ፣ ድንኳኑን ሣሩ ላይ ትከሉት። ምን ይህን ያህል ያጨቃጭቃል?

አባ ሶስና
እትዬ፣ ሣሩ ገደል ነው፣ ቁልቁል ነው፣ ደግሞ ዘንቧል። ሴቶቹ በጫማ እንዴት ይቆማሉ? ጋራዡ ደግሞ ዕቃ ሞልቷል።

እትዬ አልማዝ
የጋራዡን ዕቃ ዴኩ ሥር አታስቀምጠው እንጂ ሌላ የት እንደምታደርገው እኔ አላውቅም። ጎረቤት ጋ አድርገው። አንድ ቀን ነው።

ካቻቪቴ
እትዬ ልክ ናቸው። ሒሳቡን እዩት። የአሜሪካ የግንባታ ደንብ የቤት ዴክ እንዲሸከም የሚጠይቀው በአንድ ስኩዌር ፊት 40 ፓውንድ ነው። 12 በ16 ማለት 192 ስኩዌር ፊት፣ ስለዚህ አዲስና ጤነኛ ቢሆን እንኳ የታሰበለት 7,680 ፓውንድ ነው። ሰው በአማካይ 160 ፓውንድ ብትለው 60 ሰው 9,600 ፓውንድ ይሆናል። ጠረጴዛውን፣ ድስቱን፣ እስክስታውን አልጨመርኩም። አሮጌው ቀርቶ ዛሬ የተሠራ ዴክም ቢሆን 60 ሰው በአንዴ አይጫንበትም።

የጉለሌ ልጅ
እስክስታ ሲመታ ደግሞ ጫናው ይብሳል።

አባ ሶስና (አርብ ጠዋት)
አየሁት። ብሎን የለም። ምስማር ነው ያለው፣ እሱም ዝጎ ቡናማ እንባ አንብቷል። ካቻቪቴው በሩ ሥር እስከ እጀታው ገባ፣ ሲወጣ ጥቁር ነገር ይዞ ወጣ፣ ሽታው የእንጉዳይ ነው። ሌላኛው ጫፍ ግን ጠንካራ ነው፣ አልገባም። በጠንካራው በኩል 20 ሰው ብቻ ቢቆምስ?

ካቻቪቴ
አይቆምም። ሌጀሩ አንድ ቁራጭ እንጨት ነው፣ አንዱ ጫፍ ከለቀቀ ሌላውን ይዞ ነው የሚወርደው። የመስታወት በሩን ቆልፈህ ፊት ለፊቱ ሶፋ አስደግፍ፣ ሕፃናት አሉ። ሥሩ ያለውን የቤዝመንት በርም ዝጋ። አማትህ በርበሬውን ፍለጋ እንዳይወጡ።

ኩኩ ሲያትል
ጋራዡን አጽዳ፣ ሣር ጎዝጉዝበት፣ በሩን ክፈተው። እኛ የልጃችንን እንዲያ ነው ያደረግነው፣ እንዲያውም ዝናቡ ሲመጣ ማንም አልተነቃነቀም። ከሰሉ ግን ውጪ ይሁን፣ ጋራዥ ውስጥ አይቀጣጠል።

ካቻቪቴ (እሁድ ማታ)
ክርስትናው እንዴት ነበር? አስብህ ነበር። ያልመለስኩልህ ጥያቄ ስላለ፣ መቼም ታየዋለህ፣ ጽፌልህ ልሂድ።

እንጨት ወይስ ኮምፖዚት የሚለው የላዩ ጉዳይ ነው። ኮምፖዚት ብትገዛም ሥሩ የሚሸከመው ያው የተነከረ እንጨት ነው። ደንበኞቼ ብር ሁሉ ላዩ ላይ አፍስሰው የድሮውን አግዳሚ «ደህና ነው፣ ይቆይ» ይሉኛል። አልሠራም ብዬ የተመለስኩበት ጊዜ አለ። ኮምፖዚት ከእንጨት ይልቅ ይለመጣል፣ ስለዚህ አግዳሚዎቹ ከመሐል እስከ መሐል ከ16 ኢንች እንዳይራራቁ። በሰያፍ የሚደረደር ከሆነ 12 ይሁን። ሳትገዛ በፊት ለካ።

የተነከረ ጥድ ከመረጥክ ርካሽ ነው፣ ግን እንደ ልጅ ነው፣ እንክብካቤ ይፈልጋል። አዲሱ እርጥብ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ወዲያው ቀለም ብትቀባው ይላጣል። ጥቂት ውኃ ጠብ አድርግበት፣ ዶቃ ሆኖ ከተቀመጠ ገና ነው፣ ከጠጣው ደርሷል። ከዚያ በኋላ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ውኃ መከላከያ ትቀባለህ። ቪቴውና ብሎኑ በጋለ ዚንክ የተነከረ ወይም ስቴይንለስ ይሁን። የአሁኑ መድኃኒት መዳብ አለበት፣ ተራውን ብረት ይበላዋል። አሉሚኒየም ላሜራም እንዳታስነካው። ሴዳር የሚባለው እንጨት ደግሞ ሽታው ደስ ይላል፣ አይቀባም ብትል ግራጫ ይሆናል እንጂ ቶሎ አይበሰብስም። ዋጋው ግን ከጥድ ይበልጣል።

እንጨትን የሚገድለው ዝናብ አይደለም፣ አለመድረቅ ነው። በጣውላዎቹ መሐል የሚሰገሰገውን ቅጠል በየመከሩ በቢላ ጫፍ አውጣ፣ ሥሩ ንፋስ ይግባበት፣ የአበባ ማሰሮ እግር ይኑረው።

ሌጀሩን ግን ራስህ አትሞክረው። ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ያዝ፣ ለአዲስ ምሰሶ ከመቆፈርህ በፊት 811 ደውል፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ መስመር ካለ ምልክት ያደርጉልሃል።

ሦስተኛ በረካ
አባ ሶስና፣ አለህ? ዶሮው ተበላ?

ኩኩ ሲያትል (ከሁለት ሳምንት በኋላ)
እዚሁ ልጠይቅ መሰለኝ። የእኛ ዴክ ሰሜን ዞሮ ፀሐይ አያገኝም፣ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል፣ ትናንት ባለቤቴ ተንሸራተተ። በበረኪና ልጠበው? የውኃ ግፊት ማሽንም ተከራይቻለሁ።

ካቻቪቴ
በረኪናው እንጨቱን ያነጣዋል፣ ቃጫውንም ያላላዋል፣ ሥሩ ያለውን አትክልትም ይገድላል። የኦክስጅን ማንጪያ ዱቄት አለ፣ ከሞቀ ውኃ ጋር በጥብጠሽ አፍስሺበትና ሩብ ሰዓት ተይው፣ ከዚያ በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ በጠንካራ ቡሩሽ ፈትጊው። ማሽኑን ከተጠቀምሽ ሰፊውን አፍ አድርጊ፣ ከእንጨቱ አንድ ጫማ ያህል ራቂ። ሲጠጋ ጠጉር ያስነሳበታል፣ ከዚያ ሕፃኑ ጉልበት ላይ ስንጥር ስትለቅሚ ትውያለሽ።

ኩኩ ሲያትል
ማሽኑን ልመልሰው ነው። የባለቤቴ ወገብ ግን አሁንም አልተመለሰም።