ኖዝል ውስጥ ያለው ሾክ አልቆም አለኝ፤ ጥፋቱ የሶልቨሩ ነው የፍሰቱ?

ፕሮፐልሽን_ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ሥራዬ ሮኬት ኖዝል (ጋዙ የሚወጣበት አፍ) ውስጥ የሚፈጠር ሾክ (ግፊቱ በድንገት የሚዘልበት ስስ ድንበር) እና ፍሰቱ ከግድግዳው መላቀቁ ነው። ወደ ክቡ ኖዝል ከመግባቴ በፊት አቅሜን ልፈትሽ ብዬ የናሳ ላንግሊን ባለ አራት ማዕዘን ኖዝል ይዣለሁ፤ ክሬግ ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣውን። የመውጫው ስፋት የጉሮሮው (በጣም የሚጠብበት ቦታ) 1.797 እጥፍ ነው፤ የዲዛይን ግፊት ሬሾው (ወደ ኖዝሉ የሚገባው ግፊት ለውጭው ሲካፈል) 8.78።

እኔ ያስኬድኩት በ1.6 ሬሾ ነው። ኤስዩ2 (የፍሰት ማስሊያ ሶልቨር)፣ ኤስኤስቲ የተርቡለንስ ሞዴል፣ ስቴዲ (በጊዜ የማይለወጥ)። ሬዚጁዋሉ (የስሌቱ ቀሪ ስህተት) ጥሩ ይወርድና መሃል ላይ ሲደርስ ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ሾኩ አንዴ ወደ ጉሮሮው አንዴ ወደ መውጫው ይሄዳል። ሲኤፍኤል (የስሌቱን እርምጃ መጠን የሚወስን ቁጥር) ቀነስኩ፣ ሜሹን (የስሌት መረቡን) አጠበብኩ፣ ያው ነው። የሠራሁት የላይኛውን ግማሽ ብቻ ነው፣ መሃሉ ላይ ሲሜትሪ። ሜሹ ኖዝሉ ጫፍ ላይ ያልቃል፤ እዚያ የከባቢ አየር ግፊት ሰጥቻለሁ። አማካሪዬ «ኮንቨርጅ ሳያደርግ (ስሌቱ ሳይረጋ) እንዳታመጣው» ብሎኛል። ምን ላድርግ?

ግፊት_በዛ

ወንድሜ፣ የመረጥከው ሬሾ ነው ጉድ የሠራህ። የሀንተርን ውጤት መልሰህ አንብበው። እስከ 1.8 ድረስ ሙከራው ላይ ያለው ፍሰት ራሱ አይረጋም፤ ባለ ሦስት ዳይሜንሽን ነው፣ ተላቆ ታች ላይ በከፊል ተመልሶ ይለጠፋል። ከ2.0 ጀምሮ ግን ሙሉ በሙሉ ይላቀቅና ይረጋል። ስለዚህ በ1.6 «ኮንቨርጅ አድርግ» ማለት ላብራቶሪ ውስጥ እንኳ ያልቆመን ነገር ኮምፒውተር ላይ ቁም ማለት ነው። ለማረጋገጫ 2.4 ወይም 3.0 ውሰድ። እዚያም ካልረጋ ያኔ ሶልቨሩን ጠርጥር።

ሁለተኛው የሜሽህ ጫፍ ነው። ፍሰቱ ከተላቀቀ በኋላ በጄቱና በግድግዳው መሃል የውጭ አየር ወደ ኋላ ይሳባል፣ ማለትም መውጫው ላይ ገሚሱ ይወጣል ገሚሱ ይገባል። እዚያው ጫፍ ላይ ግፊቱን በግድ ስትቸነክረው የላቀቅኸው አንተ ነህ እንጂ ፊዚክሱ አይደለም። ውጭውን ጨምር። ወደ ፊት ብዙ እጥፍ የመውጫ ቁመት፣ ወደ ጎንም በቂ ቦታ። ሜሹ እየራቀ ሲሄድ ማላላት ትችላለህ፣ ብዙም አይከብድህም።

ላምዳ_ሾክ

ግፊት_በዛ ባለው እስማማለሁ፤ ግን ሲሜትሪውንም ጣለው። ጠፍጣፋ ኖዝል ውስጥ ቅርጹ ፍጹም ሲሜትሪክ ሆኖ እንኳ ሾኩ በአንዱ ግድግዳ ትልቅ፣ በሌላው ትንሽ እግር (ግድግዳው ጋ ለሁለት የሚከፈልበት) ይዞ ሊቆም ይችላል። ግማሽ ሞዴል ይህን ከመጀመሪያው ይከለክላል። ሙሉውን አስኪድና ሲሜትሪክ ሆኖ ከቆመ ደስ ይበልህ።

የኤስኤስቲ ነገር ደግሞ አለ። በነባሪው ቁጥር፣ ማለትም ኤ1 የሚባለው የሞዴሉ ቋሚ 0.31 ሲሆን፣ ኖዝል ላይ ቀድሞ የማላቀቅ ጠባይ አለው፣ ሾኩ ከሙከራው ይልቅ ወደ ጉሮሮው ይጠጋል። አንዳንዱ ኮዱ ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን ከፍ እያደረገ ሾኩን ወደ ታች ይገፋዋል። እኔ አልወደውም። ለአንድ ሬሾ አስተካክለኸው በሌላው ይበላሻል፤ ከነካካኸውም ጽሑፍህ ላይ በግልጽ አስቀምጠው።

አንስቴዲ (ከጊዜ ጋር የሚለዋወጥ) ስትሄድ ታይም ስቴፑን (የጊዜ እርምጃውን) በዘፈቀደ አትምረጥ። የተላቀቀው ክፍል አንድ ጫፉ የተዘጋ ቱቦ እንደሚያስተጋባው ሊያስተጋባ ይችላል። ርዝመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የድምፅን ፍጥነት 340ን ለ4 ጊዜ 0.05 ስታካፍል 1700 ኸርዝ ይመጣል። ፍሰቱ ወደ ውጭ ስለሚነፍስ እውነተኛው ከዚህ ዝቅ ይላል፣ ለግምት ግን ይበቃል። አንዱ ዑደት ወደ 0.6 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ አማካይ ለመውሰድ 50 ዑደት ብትፈልግ 30 ሚሊ ሰከንድ። ግድግዳው ላይ ዋይ ፕላስ (የመጀመሪያው ሴል ለግድግዳው ያለው ቅርበት መለኪያ) 1 አድርገህ በኤክስፕሊሲት (ስቴፑ በትንሹ ሴል በሚገደብበት ዘዴ) ከሄድክ ስቴፑ ወደ 10 ናኖ ሰከንድ ሊወርድ ይችላል፣ ያ ማለት 3 ሚሊዮን ስቴፕ ነው፣ ቆጥረህ ግባበት። ዱዋል ታይም ስቴፒንግ (በየስቴፑ ውስጥ እየደጋገመ የሚያሰላ፣ ትልቅ ስቴፕ የሚፈቅድ ዘዴ) ተጠቅመህ በ1 ማይክሮ ሰከንድ ብትሄድ 30 ሺህ ይሆናል። ሪስታርት ፋይል ቶሎ ቶሎ አስቀምጥ፣ የመብራቱን ነገር ታውቀዋለህ።

ፕሮፐልሽን_ተማሪ

እናንተ ሰዎች ኑሩልኝ። ውጭውን ጨምሬ፣ ሙሉውን ኖዝል አድርጌ 2.4 ላይ አስነሳሁት፤ ሬዚጁዋሉ እየወረደ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ዋናው ሥራዬ ሞተሩ ሲነሳ ኖዝሉን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ነው። ክብ ኖዝል ስለሆነ በአክሲሲሜትሪክ (ዙሪያውን አንድ ዓይነት አድርጌ) ብሠራው አይበቃም?

ቀዝቃዛ_ሙከራ

አይበቃም። አክሲሲሜትሪክ ውስጥ የጎን ኃይል ሁልጊዜ ዜሮ ነው፤ ፍሰቱ ዙሪያውን እኩል ይላቀቃል ብለህ ጀምረሃልና። የጎን ኃይል የሚመጣው የመላቀቂያው መስመር ዘንበል ሲል ወይም አንዱ ወገን ቀድሞ ሲለጠፍ ነው። ሙሉ 360 ዲግሪ ያስፈልግሃል።

ቀልድ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ1979 የስፔስ ሹትል ዋና ሞተር ሲፈተን ኖዝሉን የሚያቀዘቅዝ ሃይድሮጂን የሚያስተላልፈው ስቲርሆርን የሚሉት ቱቦ ተበጥሷል፤ ሞተሩ ሲነሳና ሲጠፋ በሚፈጠረው መላቀቅ የሚመጣው ጫና ጉዳዩ ውስጥ ነበረበት።

የኖዝሉን ቅርጽም እወቅ። የተቆረጠ አይዲያል (ለእኩል ፍሰት የተሠራ ቅርጽ ጫፉ ተቆርጦ ያጠረ) ከሆነ ፍሰቱ ከተላቀቀ በኋላ ነጻ ሆኖ ይወጣል። ፓራቦሊክ ከሆነ ግን ከጉሮሮው በታች የውስጥ ሾክ አለው፣ በዚያ ምክንያት ጄቱ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ይህ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጄ-2ኤስ ሮኬት ሞተር ኖዝል ሙከራ ላይ ነው የታየው። ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው ሲዘል ነው ትልቁ የጎን ምት የሚመጣው፣ ስለዚህ የግፊት ሬሾውን ቀስ እያልክ አሳድግ፣ ዝላዩን ዘለኸው እንዳታልፍ።

ከዚያ በፊት በእጅህ አስላ። የሽመከር ቀመር አለ፦ ማክ (የፍሰቱ ፍጥነት ለድምፅ ፍጥነት ሲካፈል) በ1.88 ተባዝቶ 1 ይቀነስለት፣ ውጤቱ በኔጌቲቭ 0.64 ከፍ ይደረግ። ማክ 3 ላይ የግድግዳው ግፊት የውጭው 0.37 ገደማ ሲደርስ ይላቀቃል፣ ማክ 4 ላይ 0.30። የድሮው የሰመርፊልድ 0.4 ለሁሉም አንድ ቁጥር ነው፣ ለመጀመሪያ ግምት ብቻ ይሁንህ። ሲሙሌሽንህ ከዚህ በጣም ከራቀ ሜሽህን ተመልከት። ኮምፒውተሩን በተመለከተ፣ በስፓላርት-አልማራስ ተርቡለንስ ሞዴል ላይ የተመሠረተ ዲዲኢኤስ (ትላልቆቹን አዙሪቶች አስልቶ ግድግዳው ጋ ያለውን በሞዴል የሚተካ ዘዴ) ሞክር። ሙሉ ኤልኢኤስ (ግድግዳው ጋ ያሉትንም አዙሪቶች የሚያሰላ) ግን ክላስተር ከሌለህ አትንካው።