ከኳላ ላምፑር ወደ ፑትራጃያ፦ በአንድ እሁድ ምን አይቶ መመለስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የሳሪስ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። በነሐሴ መጀመሪያ ለሥልጠና ወደ ማሌዥያ እሄዳለሁ። የማርፈው ኳላ ላምፑር ነው። ነጻ የምሆነው እሁድ ብቻ ነው። መንትያ ሕንጻዎቹን ማታ ማታ ከሥልጠና ስወጣ አያቸዋለሁ። እኔን የሳበኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያሉበት ጎረቤት ከተማ ፑትራጃያ ነው። ሐይቅ ዳር የቆመውን ሮዝ መስጊድ በፎቶ አይቼ ልቤ እዚያ ቀረ።

አሁን አስቸግራችኋለሁ። በምን ልሂድ? በእግር ይዞራል ወይ? ክርስቲያን ነኝ፣ መስጊዱ ውስጥ ያስገቡኛል? ነጠላ ይዤ ብሄድ ይበቃል? ደግሞ ፍልሰታ ላይ ነው የምሄደው። ዓሣም አልበላም። እዚያ ምን እበላለሁ?

መልስ፦ ተማሪው

እህቴ፣ የምማረው ሳይበርጃያ ነው፣ የፑትራጃያ ጎረቤት። ስለዚህ ለትራንስፖርቱ እኔን ስሚኝ።

ሁለት ባቡር አለልሽ። አንዱ ከኬኤል ሴንትራል (የኳላ ላምፑር ዋና ባቡር ጣቢያ) የሚነሳው ኬኤልአይኤ ትራንዚት ነው። ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ስሙን ልብ በይ፣ «ትራንዚት» የሚለውን ነው የምትሳፈሪው። «ኤክስፕረስ» የሚባለው መንገድ ላይ ሳይቆም ቀጥ ብሎ ኤርፖርት ነው የሚያወርድሽ። ሁለተኛው ሜትሮው ነው፣ የፑትራጃያ መስመር ይሉታል። እስከ መጨረሻው ጣቢያ ድረስ የተከፈተው በመጋቢት 2023 ነው (በፈረንጆቹ)። ቀስ ይላል፣ ግን ዋጋው በጣም ይቀንሳል። ሆቴልሽ መንትያ ሕንጻዎቹ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ኬኤል ሴንትራል ድረስ ሳትደክሚ እዚያው ትሳፈሪያለሽ።

ሁለቱም ፑትራጃያ ሴንትራል ያወርዱሻል። ከዚያ መስጊዱ ድረስ በእግር እንዳትሞክሪው። ኪሎ ሜትሮች ነው፣ ፀሐዩም አናት ይበሳል። ግራብ የሚባለውን የታክሲ መተግበሪያ ስልክሽ ላይ ጫኚና እሱን ጥሪ። አውቶቡስም አለ፣ እሁድ ግን ጥበቃው ያሰለቻል።

ሌላው፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋል። አሠሪዎችሽ እንደሚጨርሱልሽ እገምታለሁ። ከቪዛው ሌላ ግን የመግቢያ ዲጂታል ካርድ የሚባል ፎርም አለ። ከመድረስሽ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ኦንላይን ትሞዪዋለሽ። ብዙ ሰው እሱን ይረሳና ኤርፖርት ላይ ቆሞ ስልኩን ሲነካካ ይታያል።

መልስ፦ ቀጥታ ተናጋሪ

ቅር አይበልሽና፣ አንድ ነጻ ቀን ብቻ ካለሽ እኔ አልመክርሽም። ፑትራጃያ የመንግሥት ቢሮ ነው። ሥራ በሌለበት ቀን ዝር የሚል ሰው የለም። መንገዱ ሰፊ፣ ሕንጻው ግዙፍ፣ ሰው ግን የለም። ገበያ፣ ግርግር፣ የመንገድ ዳር ምግብ ከፈለግሽ ኳላ ላምፑር ቅሪ።

መልስ፦ ንድፍ

ወንድሜ፣ ጭርታውን ሊያይ የሚሄድም ሰው አለ እኮ! ደግሞ ባዶ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቦታው ቀድሞ የጎማ ዛፍና የዘንባባ ዘይት እርሻ ነበር። ኳላ ላምፑር ሲጨናነቅ፣ በጠቅላይ ሚኒስትር ማሃቲር መሐመድ ዘመን፣ ከተማው ከባዶ ተነድፎ ግንባታው በ1995 ተጀመረ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። መንግሥት ከ1999 ጀምሮ ወደዚያ ተዛወረ። ስሙ የመጀመሪያውን ጠቅላይ ሚኒስትር ቱንኩ አብዱል ራህማን ፑትራን ያስታውሳል። ፓርላማውና የንጉሡ ቤተ መንግሥት ግን ኳላ ላምፑር ቀሩ። ስለዚህ እሁድ እዚያ የሚውል ሰው ነዋሪ ነው ወይ ጎብኚ።

የሳሪስ ልጅ፣ እኔ አርክቴክት ነኝ፤ ሄደሽ ምን እንደምታይ ልንገርሽ። ሮዙ መስጊድ ፑትራ መስጊድ ይባላል። ሮዝ ያደረገው ቀለም አይደለም፣ የግራናይቱ የራሱ መልክ ነው። ሚናሬቱ (የአዛን ማማው) 116 ሜትር ነው። ሐሳቡ ከባግዳዱ የሼኽ ዑመር መስጊድ የመጣ ነው። አምስት ደረጃ ያለውም ለአምስቱ የእስልምና መሠረቶች ነው። የመግቢያው በር ፋርስን ፋርስን ይላል። አጠገቡ ያለው ፑትራ ድልድይ ደግሞ 435 ሜትር ነው፤ ኢስፋሃን፣ ኢራን ካለው የኻጁ ድልድይ የተቀዳ ነው። ሐይቁም ሰው የሠራው ነው።

እኔን የሚከነክነኝ አንድ ነገር ነው። ማሌዎች (የአገሩ ብዙኃን ሕዝብ) የራሳቸው የመስጊድ አሠራር ነበራቸው። እንጨት፣ ተደራራቢ ጣሪያ፣ ጉልላት የለሽ። ኬላንታን በምትባለው የማሌዥያ ግዛት ውስጥ ያለውን የካምፑንግ ላውት መስጊድ ፎቶ ፈልጊና እዪ። አዲሱን ከተማ ሲሠሩ ግን ዓይናቸውን ወደ ባግዳድና ኢስፋሃን አዞሩ። ሥራው አፍ ያስይዛል፣ እሱን አልክድም። ብቻ ከየት እንደተወሰደ እያወቅሽ ስታዪው ሌላ ደስታ አለው።

ሮዙን አይተሽ እንዳትመለሺ። ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ የቱዋንኩ ሚዛን መስጊድ አለ፣ ሰዉ «የብረት መስጊድ» ነው የሚለው። ሚናሬት የለውም። ግድግዳው የማይዝግ ብረት መረብ ስለሆነ ነፋሱ ሰተት ብሎ ይገባል። የቂብላው (ሲሰግዱ ፊታቸውን የሚያዞሩበት) ግድግዳ መስታወት ነው፣ የቁርኣን አንቀጽ ተጽፎበታል። ብርሃን ሲያልፍበት ጽሑፉ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ለእኔ ከሮዙ ይበልጥብኛል።

መልስ፦ የመርካቶው

ስለ መግባቱ አታስቢ። እንግዳ መቀበል ለምደዋል፣ ሃይማኖትሽን አንገት ላይ አይተው አይመልሱሽም። ሶላት ሰዓት ላይ ብቻ አትድረሺ። የቀትሩ ሶላት በእነሱ ሰዓት 7 ተኩል አካባቢ ነው፣ ቀጣዩ 10 ተኩል ገደማ። (በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ከአዲስ አበባ ግን አምስት ሰዓት ይቀድማሉ።) 9 ሰዓት ላይ ብትደርሺ ዘና ብለሽ ታያለሽ። ዓርብ ቀትርን ማንም ጎብኚ ባያስበው ይሻላል፣ አንቺ ግን እሁድ ስለሆንሽ አይመለከትሽም።

ነጠላሽን ያዢ፣ ለራስሽ ይሆናል። በር ላይ ግን ቆብ ያለው ረጅም ካባ በነጻ ያለብሱሻል። ቁምጣ ለብሶ የመጣ ወንድም ይለብሳል። ጫማ ማውለቁን ከቤተ ክርስቲያን ታውቂዋለሽ። ውስጥ ስትገቢ ለጎብኚ የተከለለ ቦታ አለ፣ ከገመዱ አትለፊ። ጉልላቱን ለማየት ከዚያው ቀና ማለት በቂ ነው። ሰው እየሰገደ ካየሽ ካሜራሽን ወደ እሱ አታዙሪ። በቃ፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

መልስ፦ እማማ ሽሮ

ልጄ፣ ምግቡን ለእኔ ተዪው። እዚያ አገር ኖሬ ጾምኩ፣ ምንም አልሆንኩም።

የሚያስቸግርሽ ስጋው አይደለም። ስጋ ታይቶ ይታወቃል። ችግሩ ሳምባል የሚሉት ቀይ ማባያ ነው። የተፈጨ ሽሪምፕ ወይም ደረቅ ትንንሽ ዓሣ ሳይገባበት አይቀርም። ናሲ ለማክ የሚባለው የታወቀው ሩዛቸውም ከዓሣና ከእንቁላል ጋር ነው የሚመጣው። ሮቲ የሚሉት ቂጣም ቅቤ ሊኖረው ይችላል።

የሕንዶቹን ቤት ፈልጊ። ቶሳይ በያቸው። ከሩዝና ከምስር ተቦክቶ ኮምጠጥ ያለ ነው፣ ስስ እንጀራ በይው። ከምስር ወጥና ከኮኮናት ማባያ ጋር ያቀርቡልሻል። ቅቤ እንዳያደርጉበት ቀድመሽ ንገሪ። ማባያው እርጎ እንዳለውም ጠይቂ። ፑትራጃያ ላይ እሁድ እንዲህ ያለ ቤት ፍለጋ ከምትንከራተቺ ኳላ ላምፑር ብሪክፊልድስ ሰፈር በልተሽ ሂጂ። ኬኤል ሴንትራል አጠገብ ነው፣ የሕንዶች ሰፈር ነው። ሐይቁ ዳር ስትደርሺ ፍራፍሬና ሻይ ይበቃሻል። ሻዩን «ቴ ኦ» ብለሽ ጠይቂ፤ «ቴ» ብቻ ካልሽ ወተት ያለው ነው የሚመጣው።

የሳሪስ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማ! ሁላችሁም ተባረኩ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ላምሽ ወይስ በጊዜ ልመለስ? ብቻዬን ነኝ።

ተማሪው

አምሺ። ቀን ያየሽው ከተማ ማታ ሌላ ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው ምሽት 1 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው፣ ያኔ መብራቱ ይበራል። ድልድዩ ላይ ቁሚ። መስጊዱና አረንጓዴ ጉልላት ያለው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ጎን ለጎን ይታዩሻል። ጀልባ ካማረሽ ከፑትራ ድልድይ ሥር ይነሳል። እሱን ግን ከመምሸቱ በፊት አድርጊው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ በድንገት ስለሚወርድ ጃንጥላ አትርሺ።

አካባቢው ሰላም ነው። ግን ጭር ይላል። ግራብሽን ድልድዩ ላይ ሆነሽ አትጥሪው፣ አሽከርካሪው መቆሚያ አያገኝም። መስጊዱ ፊት ለፊት ያለው ክብ አደባባይ ላይ ጥሪው። የስልክሽ ባትሪ ካለቀ ታክሲ አስቁሜ እሄዳለሁ የሚባል ነገር እዚያ የለም። ፓወር ባንክ ያዢ።